የጁሊያና ጸጉርና የሦስት ደቂቃው አቤቱታ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለካይታን፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያመኛል ያልከው ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ችለህ ትነዳለህ? ባለቤትህ ፊሎሜናስ? የሙስካት ሙቀትስ አላቃጠላችሁም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናታችንም ዝናብ ሲመጣ ጉልበቷን ከሚይዛት በቀር ደኅና ናት፤ እንደ ልማዷ ተቀምጣ ሁላችንንም ታዘናለች። ዝናቡ ዘንድሮ አይጣል ነው። ከማድ ቤቱ ክዳን ሁለት ሸክላ ወድቆ ውኃው ወጡ ላይ ሲንጠባጠብብኝ ከረመ።

በስልክ ልነግርህ ጀምሬ መስመሩ የተቋረጠውን ነገር ነው አሁን የምጽፍልህ። እንዲያውም በደብዳቤ ይሻለኛል፤ በስልክ ሳወራ መሐል ትገባብኛለህ።

ልጄ ጁሊያና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ማለፏን ሰምተሃል። የነርስ ትምህርት ቤት አባቶቻችን ከአፍሪካ ለመጡት ለእኛ ለሲዲ ልጆች ከያዘው ቦታ አንዱ ደርሷት ነበር። ግን ሲዲ መሆኗን የሚመሰክር ወረቀት እስከ ጁላይ መጨረሻ ካላቀረበች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ይኸውልህ፣ እሷ ደግሞ ማርች ላይ ሳትነግረኝ ከተማ ወርዳ ጸጉሯን በመድኃኒት አስለስልሳ መጣች። በተማሪዎች አዳሪ ቤቷ ያሉት ልጆች «የድስት መፈግፈጊያ» እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጥተዋት ኖሯል። ከፍቶኝ ነበር፤ ግን ራሷን በመስታወት ስታይ ደስታዋን አይቼ ተውሁት።

ወረቀቱን ልናወጣ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ስንሄድ ጸሐፊው ቀና ብሎ አያትና፣ «የሲዲ ጸጉር ከርዳዳ ነው፤ የአንቺ እንደ ሐር ነው። አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?» አላት። «ጌታዬ፣ አስለስልሳው እንጂ ከሆዴ የወጣች ልጄ ናት፤ እኔን አያዩኝም?» ብዬ ብመልስለት፣ «አንቺማ ሲዲ ነሽ፤ እሷ ግን አላሳመነችኝም። ጸጉሯ ሲበቅል ተመለሱ» ብሎ ፋይሉን ዘጋው። እስቲ አስበው ካይታን፣ አዳሪ ቤት ከርዳዳ ነው ብለው ይስቁባታል፣ ቢሮ ከርዳዳ አይደለም ብለው ይመልሷታል። ልጅቱ በየትኛው ጸጉሯ ትኑር? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻርፕ ከራሷ አልወረደም።

በዚህ መሐል ጎረቤታችን ሚንገል ወሬ ይዞ መጣ። የአፍሪካ ዘር ያላቸው ሰዎች በየአገሩ የሚደርስባቸውን በደል የሚሰሙ፣ የተባበሩት መንግሥታት የላካቸው ሦስት ሰዎች ከጄኔቫ ሁብሊ ከተማ ይመጣሉ፤ ከየመንደሩ አንድ ሰው ለሦስት ደቂቃ ይናገራል አለ። የተሰበሰበው መንደርተኛ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። «እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ሴት ምን አውቄ?» ብል ሚንገል፣ «አንቺ ለጉንዳን እንኳ ወሬ የምታወጊ፣ ለሦስት ሰው ታንሻለሽ?» አለኝ።

ቀኑ ደርሶ ከጁሊያና ጋር ሁብሊ ስንሄድ አዳራሹ ግጥም ብሎ ነበር። ከሦስቱ አንዷ የኮሎምቢያ ተወላጅ ሴት ናቸው፤ መልካቸው ቁርጥ አክስታችን አናስማሪ። በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ እንደኛ ያለ ሰው ሁለት መቶ ሚሊዮን ያህል እንደሆነ፣ የተባበሩት መንግሥታትም ስለ መብታችን አሥር ዓመት መድቦ እንደሚሠራ ነገሩን። እኔ ጫካ ውስጥ የተረሳን አንድ እፍኝ ሰዎች የሆንን ይመስለኝ ነበር። ዓለም ሙሉ ዘመድ አለን ለካ።

ተራዬ ደረሰ። አባቶቻችንን ሳይጠሩ ንግግር መጀመር እንደማይሆን ታውቃለህ። እንግዶቹን ሰላም አልሁ፣ ሽማግሌዎቹን፣ ከዚያ ያለፉትን አባቶችና እናቶች፣ ጫካውን፣ ከዚያ የመጡትን መንደሮች በየስማቸው። አሥራ አንደኛው መንደር ላይ ስደርስ ደወል ተደወለ፤ ግማሽ ደቂቃ ቀርቶኛል ማለት ነው። ሚንገል ከኋላ፣ «ማርሲሊና፣ ሰላምታሽ እስኪያልቅ ሰዎቹ ጡረታ ይወጣሉ» አለና አዳራሹ በሳቅ ሞላ። የልጄን ጉዳይ በሰላምታ በላሁት ብዬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ።

ያኔ ጁሊያና ከአጠገቤ ተነሣች። ሻርፗን ፈታችው። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል የራሷ ጥቅልል ጸጉር በቅሏል፤ ከዚያ በታች ያለው እንደ ክር ተንዠርግጓል። «ሰላምታውን እናቴ ጨርሳልኛለች» አለች። «ከላይ ያለው የእኔ ነው። ከታች ያለው ሰው እንዳይስቅብኝ ያደረግሁት ነው። በላይኛው ተሰደብሁ፣ በታችኛው ወረቀት ተከለከልሁ። የትኛውን ቆርጬ ልምጣ?» ብላ ቁጭ አለች።

የኮሎምቢያዋ ሴትዮ መነጽራቸውን አውልቀው ፊት ወደ ተቀመጠው የመንግሥት ተወካይ ዞሩና፣ «ጸጉር የሚመረመረው በየትኛው ሕግ ነው?» አሉት። ወረቀቱን አገላበጠ፣ አገላበጠና፣ «በሕግ ሳይሆን በልምድ ነው» አለ። «በማን ልምድ?» ሲሉት ውኃውን አንሥቶ ጠጣ። እኔ እልልታዬን በእጄ አፍኜ ያዝሁት።

አልዋሽህም፣ እነዚህ ሰዎች ፖሊስ የላቸውም፣ ማኅተም የላቸውም። ሴትዮዋ ራሳቸው እጄን ይዘው፣ «እኛ የምንችለው መጠየቅና መጻፍ ነው፤ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ» ብለውኛል። ግን ያ ጥያቄ በሰው ፊት ተጠይቋል። በስድስተኛው ቀን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተጠራን። ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ «ፎቶ አምጡ» አለ። ሻርፕ እሰሪ ብዬ ብለምናት አሻፈረኝ ብላ ፎቶውን እንዳለች ተነሣች። ማኅተሙ ፎቶው ላይ ባለው ጥቅልል ጸጉሯ ላይ ነው ያረፈው። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ከአራት መንደር ዘጠኝ ልጆች አብረው ተሰጣቸው፤ የልደት ወረቀትና የሽማግሌ ምስክር ይበቃል የሚል ማስታወቂያም በሩ ላይ ተለጥፏል። ጁሊያና ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ተመዘገበች። እናታችን ማንበብ ባትችልም የወረቀቱን ቅጂ ዘቅዝቃ ይዛ ለመጣ ሰው ሁሉ «ታነብባለች»።

እናታችን ጉንጭህን ስማሃለች። ባሌ ሳንታን ሰላም ብሎሃል፤ ሚንገልም ቀልዱን ጨምሮ። ጁሊያና ከአዳሪ ቤት እጽፍለታለሁ ብላለች። ለፊሎሜና የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ስለ ትንሿ ልጅህ ስለ ሉርዲና ደግሞ፣ በትምህርት ቤት በጸጉሯ ይስቁባታል፣ እናስለስልሰው ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ስታድግ እንደ ወደደች ታድርገው፤ ጸጉሩ የራሷ ነው። ለአሁኑ ግን ጭንህ ላይ አስቀምጣትና፣ የአክስትሽ ልጅ ይህንኑ ጸጉር ገልጣ የቆመችው በዓለም ሰው ፊት ነው በላት።

አክባሪ እህትህ ማርሲሊና

ካልገዴ መንደር፣ ካርናታካ
ኦገስት 4 ቀን 2019