ሳትጨርሺው የቀረው ዓይን

እማዬ፣

እንደምን አለሽ እንዳልል መልስ አይመጣልኝም፤ ሳልል እንዳልጀምር ደግሞ አፌ አልለመደውም። ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሆነ። በጥር ብርድ ቀብረንሽ ይኸው የጽጌ ጾም ገባ። ቤትሽ እንደተውሽው ነው፤ ቁልፉ ጎረቤትሽ እትዬ ዘሃራ ጋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቱን እየከፈተች ታናፍሰዋለች፤ የቀለሙ ሽታ ግን አልወጣ ብሏታል። የአጥሩ በር ወልቆ ነበር፣ አሠራሁት። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ በቁመት በልጦኛል፤ ትንሿ ኮምቦልቻ ሞቃት ነው እያልኳት ያንቺን ጋቢ ካልለበሰች አትተኛም።

የምጽፍልሽ ግን ወሬ ላወራሽ ብቻ አይደለም። ያ የመጨረሻው ሥዕልሽ ዕረፍት ነስቶኛል።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል በጡረታ ስትወጪ፣ ያንቺ እኩዮች ዶሮ ማርባት ሲጀምሩ አንቺ አቡጀዲ ገዝተሽ ጣውላ ላይ ወጠርሽ። ማንም አላስተማረሽም። ከኪዳን በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ አንጋጥጠሽ እያየሽ፣ መሪጌታን በጥያቄ እያሰለቸሽ ለመድሽው። የሠዓሊ ቀለም ከየት ይምጣ? የበርና የመስኮት ቀለም ነበር የምትገዢው። የእመቤታችን መጎናጸፊያ ከአጥራችን በር ጋር አንድ ዓይነት ሰማያዊ የሆነው ለዚያ ነው። ፊቶቹም ከሰፈር አይወጡም ነበር። የእመቤታችንን ስደት ስትሥዪ ሰሎሜሽ ቁርጥ እትዬ ዘሃራ ናት፤ ሽፍታው ደግሞ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ። እሱ እንኳ ደግነቱ ራሱን አላወቀም።

ከመሪጌታ የተማርሽውን የሥዕል ሕግ ልጆቼም በቃላቸው ያውቁታል። ደግ ሰው ፊት ለፊት ሆኖ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሲያጠፉብሽ በዱላ ፈንታ «ዋ! በአንድ ዓይን እንዳልሥላችሁ!» ትያቸው ነበር። ትንሿ ሮጣ መጥታ በሁለት እጇ ሁለቱንም ዓይኖቿን ታሳይሽ ነበር። አሁንም ሳስበው ያስቀኛል፣ ቀጥሎ ደግሞ ያስለቅሰኛል።

ከእግዚአብሔር የለመንሽው አንድ ነገር ነበር፤ አንዲት ሥዕልሽ በደብራችን አዳራሽ ተሰቅላ ማየት። ሁለት ጊዜ ወስደሽ ሁለት ጊዜ መለሱልሽ፤ ፊቶቹ የጎረቤት ፊት ይመስላሉ ተባለ። አንቺም ቅር ሳይልሽ በማግስቱ እንደ ልማድሽ መጥረጊያሽን ይዘሽ ቅጽሩን ልትጠርጊ ሄድሽ። እኔ ግን ቅር ብሎኝ ነበር።

ከቀብርሽ በኋላ መሪጌታ ለጸሎት ወደ ቤትሽ ሲመጡ ከአልጋሽ ራስጌ የቆመውን የስደቱን ሥዕል አዩት። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ዮሴፍ አህያዋን ሲስብ፣ ሰሎሜ ስንቅ ተሸክማ። ብዙ ቆሙ፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ለመጪው ጽጌ አዳራሹ ውስጥ እንሰቅለዋለን አሉ። እማዬ፣ ፈቀዱልሽ። ግን ከአህያዋ ኋላ የምትሄደው ሴት አላለቀችም። ሁለት ልጆች በእጇ ይዛ፣ ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላለች። ፊቷ ወደ እኛ ነው፤ ያላት ግን አንድ ዓይን ብቻ ነው። የሌላኛው ቦታ ባዶ ነው።

ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ጀሪካኑን ማን አጣው?

ያኔም ጽጌ ነበር። ጦርነቱ ደሴ ደጃፍ ደርሶ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ የጭነት መኪና ተገኘና ያን ቢጫ ጀሪካን በጀርባዬ አዝዬ ልጆቹን ጫንኩ። አንቺ «ታቦቱን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» ብለሽ በሩ ላይ ቆምሽ። አንድ ጊዜ ለመንኩሽ። ሁለተኛ ልለምንሽ ስል ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ፤ ወጣሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በልቤ እምቢ ማለትሽ ገላግሎኝ ነበር። ሁለት ልጅና አንዲት አሮጊት ይዤ እንዴት እሆናለሁ ብዬ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ተመልሼ ስመጣ ከስተሽ አገኘሁሽ። እትዬ ዘሃራ ቆሎዋን እያካፈለችሽ ነው የከረምሽው። አንቺ ግን ያልሽኝ «ልጆቹ በልተዋል?» ብቻ ነበር። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይንሽን ማየት ሲያቅተኝ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ አግኝቼ፣ ቤት ተከራይቼ ወረድኩ። ለሥራው ስል ነው አልኩሽ።

ባለፈው ሳምንት መሪጌታ የቀረውን እንዲጨርስ አንድ ሠዓሊ ቤትሽ ድረስ ላኩ፤ እኔም ለዚሁ ከኮምቦልቻ መጣሁ። ቅን ሰው ነው፣ በክፋት አልጠየቀኝም። «እኅቴ፣ ይቺ ሴትዮ ከደጎቹ ናት ከክፉዎቹ? ከክፉዎቹ ከሆነች ፊቷን ወደ ጎን ልመልሰው፣ ቀላል ነው። ከደጎቹ ከሆነች ዓይን ልጨምርላት» አለኝ። ቆይ ብዬው ወጥቼ እትዬ ዘሃራ ደጃፍ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እናቴ ምን ብላ ሣለችኝ ብዬ ጠየቅኋት።

አልሸነገለችኝም። «ወላሂ አልዋሽሽም፣ ተቀይማሽ ነበር። መጀመሪያ በጎን ነው የሣለችሽ። አንድ ጠዋት ግን ምላጭ ይዛ ፍቃ ፍቃ ፊትሽን ወደ ሰው መለሰችው። ጨርቁን የያዝኩላት እኔ ነኝ። አንዱን ዓይን በትዝታዋ ሠራችና ‹ይሄ ልጅነቷ ነው፣ የአሁኗ ልጄ አይደለችም› አለች። ‹ሁለተኛውን መጥታ ፊት ለፊቴ ቁጭ ስትል አይቼ ነው እንጂ በግምት አልነካውም› አለች» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ስልክሽ ትዝ ያለኝ። «አንድ ቀን መጥተሽ ቁጭ በዪልኝ፤ ፊትሽ ጠፋኝ» ትዪኝ ነበር። የእርጅና ናፍቆት መሰለኝ። ፈረቃዬ ሲለወጥ አልኩሽ። ከዚያ ለገና አልኩሽ። ከዚያ ለጥምቀት። ከኮምቦልቻ ደሴ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም እኮ! ቀለም ስትበጠብጪ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ትዪ የነበረው ለቀለሙ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለጥምቀት እመጣለሁ አልኩሽ፤ የመጣሁት ለቀብርሽ ነው።

በማግስቱ ሠዓሊውን ከደጎቹ ናት አላልኩትም፤ ይህን ለመፍረድ እኔ ማን ነኝ? እኔን እያየህ ሥራው አልኩት። ያን አጭር በርጩማሽን መስኮቱ ሥር አምጥቼ ተቀመጥኩ። ላንቺ ያልተቀመጥኩትን ለማላውቀው ሰው ጠዋቱን ሙሉ ተቀመጥኩ። ቀና በዪ፣ እንባሽን ጥረጊ እያለ ሦስት ጊዜ አቋረጠው። እንባውን ግን ምን ላድርገው? በመጨረሻ እንዳለ ሣለው።

ሥዕሉ አሁን አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሏል። እሑድ ማኅበርተኞችሽ እልል አሉ፤ እትዬ ዘሃራም በር ላይ ቆማ አየችው። አንዳንዱ ሰው የሴትዮዋ ዓይኖች አይመሳሰሉም ብሎ ያማል። እውነቱን ነው፣ አይመሳሰሉም። አንቺ የሣልሽው ዓይን ገና ምንም አላጠፋም፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሸኚኝ የነበረው ነው። ሌላው ቀልቶ አብጧል።

ይቅርታሽን ጀምረሽው እንደነበር ዛሬ አውቄያለሁ፤ ጨርሰሽው እንደሁ ግን አላውቅም። ይሄ አብሮኝ ይኖራል። በሕይወት እስካለሁ በየጽጌው ፈረቃ ሳልል፣ ለበዓል ሳልል ሐረጎን እወጣለሁ፤ በርጩማሽን ይዤ ሥዕልሽ ፊት ለፊት ቁጭ እላለሁ። እስኪበቃሽ እዪኝ እማዬ፤ ፊቴን አላዞርም።

ልጅሽ