ቤቱን ሳያይ ያጎነበሰ ማኅተም

ለሚናሴ አውራጃ የመንግሥት ቢሮዎች ኪራይ መምሪያ ኃላፊ
ለክቡር አቶ ኢሶጋይ፣ በጋዜጣ በኩል የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡርነትዎ ከመላ ቤተሰብዎ ጋር፣ በተለይም ከሁለቱ ጉልበቶችዎና ከወገብዎ ጋር፣ በፍጹም ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ።

ማክሰኞ ዕለት አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የመምሪያዎ ሠራተኞች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ «አዲሱን መመሪያ አየሽው? ከእንግዲህ ቤቱን በዓይኑ ያላየ ሰው የኪራይ ውል ላይ ማኅተም አያሳርፍም» ስትል፣ ሌላዋ «ውይ! እንግዲያማ ማን ሊያትም ነው?» አለቻት። እኔ የመንግሥትን ቃል ማመን የለመድኩ ጡረተኛ ስለሆንኩ የመጀመሪያዋን ቃል እንዳለ ተቀብዬ ይህን ምስጋና ለመጻፍ ተነሣሁ። ለመዝገብ ቤት እንዲመችም በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

፩. የአረጋውያን እንክብካቤ ቢሮን፣ ማለትም በከተማችን ጉልበታቸው ከሁሉ ይልቅ የደከመ ሰዎች የሚመላለሱበትን ቢሮ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ለአሥር ዓመት ስለተከራዩልን አመሰግናለሁ። ደረጃው ስድሳ ስምንት ነው። ቢሮው እዚያ ከወጣ ወዲህ ወረፋ የሚባል ነገር መጥፋቱን በዓመታዊ ሪፖርትዎ አንብቤ፣ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በሌላ አውራጃ እንደማይገኝ ተረድቻለሁ።

፪. ከሕንፃው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ብቻ ተሻግሮ፣ አውራጃው ራሱ ያሠራው የቀድሞው የግብርና ጽሕፈት ቤት ተቆልፎ ስለመቀመጡም ምስጋናዬ አይቀርም። ፎቅ የለውም፤ ደረጃ የለውም፤ ሰውም የለውም። ስጠይቅ፣ የኪራይ በጀት ለኪራይ ብቻ እንደሆነና የራስን ቤት መጠገን ደግሞ የሌላ ክፍል ጉዳይ እንደሆነ በትሕትና ተብራራልኝ። አሁን ወፎች ገብተውበታል። ቤቱን ሳያዩ አልገቡም።

፫. የቢሮ ኪራይን አሠራር የሚያሻሽለው ኮሚቴ ሥራውን በአርአያነት ለመጀመር እዚያው ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ተከራይቷል። አባላቱ ግን ስብሰባቸውን እየቤታቸው ሆነው በኮምፒውተር እንደሚያካሂዱ ሰምቻለሁ። ለጉልበታቸው መራራታቸው ተገቢ ነው።

፬. ይህኛው እንኳ ክቡርነትዎን አይመለከትም። በዚያ የኪራይ ውል ላይ ዘጠኝ ማኅተሞች አሉ፤ አራተኛው የእኔ ነው።

በጃፓን ቢሮ ያረጀ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የበታች ሠራተኛ ማኅተሙን ወደ አለቃው ማኅተም ትንሽ ዘመም አድርጎ ነው የሚያሳርፈው፤ ጎንበስ ብሎ እጅ እንደመንሳት ማለት ነው። ብዙ ካዘመመ ማሽቃበጥ ይሆናል፤ ቀጥ ካለ ድፍረት። ውሉ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ሦስት ማኅተም ነበረበት። ሦስት ሰው ካየው እኔ ምን አደከመኝ አልኩና፣ ያለኝን ትኩረት ሁሉ ማኅተሜን በማዝመሙ ላይ አዋልኩት። በሚገባ አጎነበሰ። «አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለውም» የሚለው ከማኅተሜ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ በጥሩ ጽሕፈት ሰፍሮ ነበር።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ኡሩሺባታ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ባለቤታቸውን በሳምንት ሁለት ቀን ገንዳ ውስጥ አስገብታ የምታጥብ ረዳት ከቢሮው ትላክላቸው ነበር። ለዚህም በየዓመቱ፣ በጀቱ ሳይዘጋ፣ በአካል ቀርበው ማመልከት አለባቸው። ዘንድሮ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ወጥተው፣ ደረጃው ላይ አርባ ደቂቃ ተቀምጠው፣ ወረዱ። ወረቀቱን እኔ ይዤላቸው ብወጣ፣ አመልካቿ ካልቀረቡ አንቀበልም ተባልኩ። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ ገንዳ አላዩም፤ ሚስታቸው በእርጥብ ፎጣ ያብሷቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ከጓሯቸው የነቀሉትን፣ ካሮት የሚመስል ነጭ ራዲሽ በአጥር ላይ እያቀበሉኝ፣ «አቶ ቶኩማሩ፣ እርስዎ እዚያ ሠርተው የለ? ያን ቤት የመረጠው ሰውዬ እናት የለውም እንዴ?» አሉኝ።

«የሚወስነው እኮ ብዙ ሰው ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሰው እናት ያለው አንድ ጠፋ?»

ራዲሹን አመስግኜ ተቀብዬ ገባሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የተቆለፈው ቤት በሳምንት አንድ ቀን ይከፈት፤ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ይግቡበት፤ ወይዘሮ ኡሩሺባታም ማመልከቻቸውን መሬት ላይ ቆመው ይስጡ። ይህ ውል ማፍረስ አይጠይቅም፤ ቁልፍ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ወፎቹን እኔ አነጋግራቸዋለሁ።

ለውድ ጊዜዎ፣ ለሰፊው ትዕግሥትዎና ገና ለሚሾሟቸው ንዑሳን ኮሚቴዎች ሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ፣

የክቡርነትዎ ትሑት ታዛዥ፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ ያገለገልኩ፣
ዮሺሂሳ ቶኩማሩ፣
የቀድሞ ምክትል ክፍል ኃላፊ

ማስታወሻ፦ ክቡርነትዎ በመመሪያዎ መሠረት ሕንፃውን በዓይንዎ ሊያዩ የመጡ ዕለት እንዳይቸገሩ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትራስ አኑሬልዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ካሉት ሁለት ጋዜጦች ለዚህኛው ብቻ የላክሁት፣ ወይዘሮ ኡሩሺባታ የሚያነቡት ሌላኛውን ስለሆነ ነው።