የእናቴን ቀብር ማሽኑ እንዳወጀው

ለክቡር የሳንታ ኤውላሊያ ከተማ ከንቲባ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ አዲሱ የማዘጋጃ ቤታችን ድምፅ ማጉያ የጠራና ከሩቅ የሚሰማ ይሁን እያልኩ፣ እኔ የሟች የዶና ሊንዳውራ ልጅ ዴልሚራ ስለ ውለታዎ አንገቴን ደፍቼ አመሰግናለሁ። አንገቴን የደፋሁት ለአክብሮት ብቻ እንዳልሆነ ከታች ይረዱታል።

እንደሚያውቁት፣ የሞት ማስታወቂያ እየነገረች ከተማውን የምትዞረው መኪና ድሮ የሰው ድምፅ ነበራት። ክቡርነትዎ ሰውየውን አሰናብተው፣ የፖርቱጋልኛን ምህጻረ ቃላት ወደ ሙሉ ቃል እየዘረዘረ የሚያነብ ሶፍትዌር አስገቡልን።

አንደኛ፣ ለቄስ በአጭሩ የሚጻፈውን «ፔ.» ሶፍትዌሩ ሳይዘረዝር እንዳለ ስላነበበውና «ፔ» በቋንቋችን እግር ማለት ስለሆነ፣ ጸሎቱን የሚመሩት «እግር ኤውስታኪዮ» መሆናቸውን ከተማው ሁሉ ሰምቷል። እርሳቸው «ግድ የለም ልጄ፣ ጉልበቴን ቢያየው እግር አይለኝም ነበር» ብለው ስላለፉት እኔም አልፌዋለሁ።

ሁለተኛውን ለመጻፍ እጄ ያፍራል። «ሴፕ.» ብለን በአጭሩ የጻፍነው «ሥርዓተ ቀብር» ለማለት ነበር፤ ሶፍትዌሩ ግን በእነዚሁ ፊደላት ከሚጀምሩት ቃላት መርጦ «ከባሏ የተለያየች» ብሎ ዘረዘረው። አስከሬኑ ሳሎናችን ውስጥ ሆኖ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ መኪናዋ በመስኮታችን ሥር ቆማ «ዶና ሊንዳውራ፣ ከባላቸው የተለያዩ፣ ዛሬ በዐሥር ሰዓት፣ በማዘጋጃ ቤቱ መቃብር» አለች። ሮጬ ወጥቼ ሾፌሩን ቤንቱን ዝም እንዲያሰኛት ብለምነው «እኔ የምነዳው መኪናውን እንጂ አፉን አይደለም እኮ፣ እቴ» አለኝ። ስመለስ አባቴ ጉመርሲንዶ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ እንደተቀመጠ በዝግታ «ማን ነገራቸው?» አለ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

ክቡር ሆይ፣ ማንም አልነገራችሁም። አባቴ ለዓመታት የሚያድረው ጓሮ ባለችው ክፍል ነበር፤ እናቴ ምግቡን በእኛ እጅ ትልክለት ነበር፤ እኛም ለጠየቀን ሁሉ «ማንኮራፋቱ አስቸግሮን ነው» እንል ነበር። በቀብሩ ላይ ከቤተሰቡ ጋር አልቆመም፤ ባርኔጣውን ይዞ ከሩቅ ዘመዶች ኋላ ቆመ። ሄጄ ክንዱን ብይዘው «ተይኝ ልጄ፣ ዛሬ እንኳ አላስመስል» አለኝ። እኔም እዚያው አጠገቡ ቆምኩ።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ «ማስተካከያ እናስነግር» ሲል ያቀረበልንን ደግነት በትሕትና አንቀበለውም። ያነበባችሁት ስሕተት ነበር፤ ማስተካከያው ግን ውሸት ይሆናል። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናዋ ከግቢ ከመውጣቷ በፊት ጆሮ ያለው ሰው ቀድሞ ያዳምጣት።

ውለታዎን የምትመልስበት ያጣች፣ ገበያ ስትወጣ ፊቷን በጃንጥላ የምትሸፍን ትሑት ዜጋዎ፣
ዴልሚራ

ማስታወሻ፦ ከስምዎ ፊት «ክቡርነታቸው» ለማለት በአጭሩ የሚጻፈውን «ኤክስ.» ለዚሁ ሶፍትዌር ብሰጠው «የቀድሞው ከንቲባ» ብሎ አነበበልኝ። ምርጫው ስለተቃረበ፣ ይህችን እንኳ ባያርሟት።