ሁለተኛ አይለምደኝም ያልኩበት ክስ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እኅቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ባለቤትሽ ማንኮራፋቱን ተወ ወይስ አንቺ ለመድሽው? የእማማ መነጽር ተገኘ? የአባባ ጉልበትስ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልሽ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ የምር ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ለአባባ ጮክ ብለሽ እንደምታነቢለት አውቃለሁ። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ላይ «ዝለይ» ብዬሻለሁ፤ ሳል ሳል እያልሽ እለፊው። እዚህ አብሮኝ ያለው፣ ነጋሪት የምንለው የአክስታችን ልጅ መከሰሴን ከእኔ ቀድሞ አድርሶላችኋል አሉ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አባባ «የለም በሉት» ሲል ድምፁ በስልኩ ይሰማኛል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እስር ቤቱ እንኳ የዚያን ያህል አላስፈራኝም። ልጁ ባለጌ አለመሆኑን ከራሴ አፍ እንዲሰማ ብዬ ነው የምጽፈው።

እዚህ ሰው አገር ሥራዬ የፎቅ መስታወት ማጽዳት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከጣሪያ በገመድ በሚወርድ ጠባብ መቆሚያ ላይ ሆኜ ስፈትግ እውላለሁ። ያን ቀን ስምንተኛው ፎቅ ላይ፣ መስታወት ላይ የደረቀ ሲሚንቶ የሚያስለቅቅ አሲድ ይዤ ነበር። እጄን አዳለጠኝና ጣሳው ጭኔ ላይ ተገለበጠ። በእኛ ሥራ አሲድ የነካው ሰው አያመነታም፤ ልብሱን ወዲያው አውልቆ ውኃ ያፈስበታል። እኔም ሱሪዬን አወለቅኩ። (ከዚህ ጀምሮ ዝለይ።) የቀረሁት በቀዩ ሙታንታ ነው፤ ብርድ እንዳይመታህ ብለሽ የላክሽልኝ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርሰው። ከባልዲው ውኃ እየደፋሁ ጭኔን እያሸሁ ስዘል ቆየሁ። መስታወቱ ከውጭ ሲያዩት የራስን መልክ ብቻ የሚያሳይ ዓይነት ነው። ማቃጠሉ በረድ ሲልልኝ ተመስገን ብዬ ለገዛ መልኬ ፈገግ አልኩ። እጅም ነሣሁ።

ከመስታወቱ ወዲያ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ብቻዋን ተቀምጣ ኖሯል። ሱሪውን ያወለቀ ወንድ ፊት ለፊቷ እየዘለለ ራሱን ያሻል፤ ሲጨርስ ፈገግ ብሎ እጅ ይነሣል። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? እሷም ጮኻ ወጣች። እኔ ታች ስደርስ ፖሊስ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ጣቢያ ወስዶ ሱሪህን አውልቀሃል ወይ፣ ሴትዮዋን አስደንግጠሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኛ ቤት ያደገ ልጅ ምን ብሎ እንደሚመልስ ይጠፋሻል? አባባ ከሥራ ገብቶ «ማነው?» ካለ፣ ቀድሞ «እኔ ነኝ፣ ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» ያለ ይማራል፤ ዝም ያለ ይገረፋል። አንገቴን ደፍቼ ያንኑ ደገምኩት። ፖሊሱ ቀና ብሎ አየኝና «ከዚህ በፊትስ ለምዶህ ነበር?» አለኝ። ይቅርታ አልኩት። ጻፈው፤ እኔም ፈረምኩ።

(ዝለይ።) ክሱ የወሲብ ወንጀል ነው ተባለ። ከተፈረደብኝ እስራቱ ሳያንስ ስሜ ከደፋሪዎች ጋር በአንድ መዝገብ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ ሥራ የሚሰጠኝ የለም፤ የመኖሪያ ፈቃዴም ያበቃለታል። እንቅልፍ አጣሁ፣ እህል አልወርድ አለኝ።

መጀመሪያ ጠበቃ ያመጣልኝ ነጋሪት ነው። የቤት ሽያጭ የሚያዋውል፣ ክራቫቱ ከንግግሩ የረዘመ ሰውዬ። አእምሮው ልክ አይደለም ብለን እንከራከር አለ። ነጋሪት ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ እመሰክራለሁ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው!» እንደዚያ ቀን ቶሎ የተስማማበትን ነገር አላውቅም።

ኋላ አለቃዬ በእንዲህ ያለ ክስ ብቻ የሚቆሙ አንዲት ጠበቃ ጠቆመኝ። ቢሯቸው ከጫማ ጠጋኙ በላይ ናት፤ ወንበሮቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ይንቀጠቀጣል። መስኮታቸው በአቧራ ከመሸፈኑ የተነሣ እጄ አላስችል ብሎት እያወራሁ በእጅጌዬ እጠርግ ጀመር። ተቀመጥ አሉኝ። ከፖሊስ ጋር ብቻዬን ተነጋግሬ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አዎ አልኩ። ፈርሜ እንደሆነም ጠየቁኝ፤ አዎ። ለዘመድ አውርቼ እንደሆነ ሲጠይቁኝ የነጋሪትን ነገር ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ዘንድስ ሄደሃል ወይ ሲሉኝ፣ ነገ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ልለምናት አስቤያለሁ አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ አንተን ለማሳሰር ዐቃቤ ሕጉ እንኳ እንዳንተ አይለፋም» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው በሌሉበት ትንፍሽ እንዳልል፣ በሴትዮዋ ደጅም እንዳላልፍ አዘዙኝ። አፌ ግን እምቢ አለ። በር የከፈተልኝን ሰው ሁሉ ይቅርታ ስለው ሲሰሙ መሳቢያቸውን ከፍተው ከረሜላ ሰጡኝ። ይቅርታ ሊያመልጥህ ሲል ጉረስ አሉኝ። ክሱ እስኪያልቅ ጥርሴ አለቀ።

አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ ሴትዮዋ ቀጣፊ ናት አልኩ። ፊታቸው ተለወጠ። «ያየችውን ተናገረች፤ ያላየችው አሲዱን ነው። ብቻዋን ሆና የደነገጠችውን መደንገጥ አንተ አታውቀውም። እንዲህ ካልክ ሌላ ጠበቃ ፈልግ» አሉኝ። አፈርኩ፤ ከረሜላ ጎረስኩ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አሲድ የበሳው ሱሪዬ ቀረበ፣ ጭኔን ያከመኝ ሐኪም ወረቀት ቀረበ። (እዚህ ጋ በጣም ዝለይ።) ቀጥሎ ቀዩ ሙታንታሽ በሚያሳይ ላስቲክ ተጠቅልሎ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት። የሕንፃው ጥበቃ ታች መንገድ ላይ ሆኖ ቀይ ነገር ሲዘል ማየቱን፣ ባንዲራ መስሎት እንደነበር መሰከረ። ሴትዮዋም ተጠይቃ፣ ሱሪ አለመልበሴን እንዳየች ዓይኗን ወደ ፊቴ ስላነሣች ከወገብ በታች ለይታ ያየችው ነገር እንደሌለ በሐቅ ተናገረች። እትዬ፣ ራቁቱን ነበር ከመባል ያወጣኝ ቀለም መምረጥሽ ነው።

የቀረው የፈረምኩት ቃል ነበር። ጠበቃዬ ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ብዬ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። የአባባን ሬዲዮ ሳልሰብር እኔ ነኝ ማለቴን ተናገርኩ። ዳኛው ጎንበስ ብለው «ታዲያ ማን ሰበረው?» አሉ። ምዬ ነበር እትዬ፤ ምን ላድርግ? ስምሽ በፍርድ ቤት መዝገብ ሰፍሯል።

ዳኛው ነፃ ነህ አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ሴትዮዋ መጣችና እየተቃጠልክ መሆንህን አላወቅኩም አለችኝ። ጠበቃዬን አየኋቸው። «አሁን ከረሜላውን ትፋው» አሉኝ። ስላስደነገጥኩሽ ይቅርታ አልኳት። ዱላ ሳልፈራ ያልኩት የመጀመሪያው ይቅርታ ይመስለኛል። ሁለታችንም ዕንባችን መጣ።

እንግዲህ ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ በጎኑ ይተኛ። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እማማን እቀፊልኝ፤ መነጽሯን እራሷ ላይ ትፈልገው። ነጋሪት ሰላም ብሏችኋል አልልሽም፤ ራሱ ቀድሞኝ ደውሏል።

አባባን ግን እንዲህ በይልኝ፦ አባባ፣ ዳኛው ፊት ቆሜ «አላጠፋሁም» ብያለሁ፤ ላንተም የምልህ ይህንኑ ነው። እሑድ ስደውል ስልኩን አንሣልኝ። ድምፅህ ናፍቆኛል፤ ያውም ከሩቅ ሳይሆን ከአፍህ።

እትዬ፣ አሁን ሳስበው ግማሹን ዘለሽ ግማሹን ብታነቢለት የሚያምነኝ አይመስለኝም። ስለዚህ ምንም አትዝለይ፤ ሙታንታውንም፣ ሬዲዮውንም አንብቢለት። ሬዲዮው ጋ ስትደርሺ እሱ «ማነው?» ሳይል ቀድመሽ «እኔ ነኝ፣ ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» በይው። ፖሊስ ጣቢያ አልሠራልኝም እንጂ አባባ ዘንድስ ይሠራል።

ታናሽ ወንድምሽ
ከመስታወት አጽጂዎች ማደሪያ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ኅዳር ፲፬ ቀን