ለአባዬ፣ ወደ ሞቃቱ ባሕር ከመሄዳችን በፊት

የምወድህ አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት አልፎ አራተኛው ተጋምሷል። መጀመሪያ ሰሞን ልጽፍልህ ስቀመጥ «አባዬ» ከሚለው ቃል አላልፍም ነበር። ዛሬ ግን የምነግርህ ብዙ ወሬ አለኝ፤ አብዛኛውም የሚያስቅ ነው። አንተ ጨዋታ ሲደራ ወንበርህን ወደሚያወራው ሰው ጎተት ታደርግ አልነበር? አሁንም እንደዚያ ጠጋ ብለህ ስማኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ አያት መሆንህን ላብስርህ። አንተ በሄድክ በዓመቱ መንታ ወለድኩ። እኔና ጀማል ስንት ዓመት ጠብቀን፣ አንተም ስንት ጊዜ ዱዓ አድርገህልን፣ «ይሁን፣ አላህ ያለው ነው» ብለን ከተውነው በኋላ መጡ። ሴቷ ሪም ትባላለች፤ ወንዱ ነቢል። ሁለት ዓመት ተኩል ሊሆናቸው ነው። የሪም ግንባር ያንተ ነው፤ ስትቆጣ መሃሉ ላይ የምትወጣው መስመር ሳትቀር። ነቢል መልኩ የአባቱ ነው፤ አመሉ ግን ያንተ። ውሃ ካየ አይያዝም። ዝናብ ያቆረውን፣ ከአትክልት ማጠጫው የፈሰሰውን፣ ታች የምትኖረው ጎረቤታችን ለውሻዋ የምታስቀምጠውን ሳህን እንኳ ሳይቀር ከነጫማው ረግጦታል። «ነቢል፣ ና ውጣ» ስለው «ኖ! ማይ ዋተር!» ይለኛል። እኛ በአማርኛ እናወራቸዋለን፣ እነሱ በእንግሊዝኛ ይመልሱልናል፤ እንደምንም እንግባባለን።

ቤታችን ያው ሲያትል፣ ኦቴሎ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ያንተ ክፍል የልጆቹ ሆኗል፤ እማዬም እዚያው ከእነሱ ጋር ትተኛለች። ፎቶህ ግድግዳው ላይ ስላለ ጠዋት ሲነቁ «ሃይ ባባ» ይሉሃል። እማዬን ግን ምን ብዬ ልንገርህ? አንተ ከሄድክ በኋላ ከቤት፣ ከመስጊድና ከሥጋ ቤት ሌላ መንገድ የማታውቅ ሆና ነበር። ልጆቹን ታጫውታለች፣ ታበላለች፣ ከእኛም ጋር ትስቃለች፤ «እስቲ ወጣ እንበል» ስንላት ግን «እናንተ ሂዱ» ነው መልሷ። ሁሌም «እናንተ ሂዱ»።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልግባ። ለእረፍት ባሕር ዳር ልንሄድ ነው። ባሕር ዳር ስልህ ጣና አጠገብ ያለችው ከተማ እንዳትመስልህ፤ እውነተኛው የባሕር ዳርቻ፣ ሞቃቱ፣ ዘንባባ ያለበት። ካዋይ የምትባል የሀዋይ ደሴት ናት።

ነገሩ የተጀመረው በዚያ በማያባራ ዝናብ ወቅት ነው። ልጆቹ ጉንፋን እየተቀባበሉ ስንት ሳምንት ቤት ዋልን። ነቢል ሲድን ሪም ትጀምራለች፣ ሪም ሲሻላት ነቢል ያስላል። አንድ ቀን ጀማል ከሥራ ገብቶ የረጠበ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ «በቃ፣ ፀሐይ ያለበት አገር እንሂድ» አለ። እኔም ከምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ፈቃድ ጠየቅኩ። ካዋይን የመረጥነው ለልጆቹ ስንል ነው፤ አንዱ የባሕር ዳርቻዋ ላይ ትልልቅ ድንጋዮች ማዕበሉን አግደውት፣ ውሃው እንደ ገንዳ ረግቶ ሕፃናት እየተንቦጫረቁ የሚውሉበት ቦታ አለ አሉን።

ጀማልን ደግሞ ታውቀዋለህ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነውና ሕይወትን ሁሉ በፌርማታ ነው የሚያያት። ቁጭ ብሎ የጉዞ እቅድ አወጣ። ጠዋት ፏፏቴ፣ ረፋዱ ላይ ሌላ የባሕር ዳርቻ፣ ከሰዓት ጀልባ፣ ማታ ገበያ፤ በማግስቱ ተራራ። እማዬ ነቢልን እያበላች ሰማችውና «ጀማል ልጄ፣ ይሄ ሽርሽር ነው ወይስ ውትድርና?» አለችው። ጀማል ሳቀ፤ ከእቅዱ ግን አንዲት ፌርማታ አልቀነሰም።

እንግዲያው እንሞክረው ብዬ አንድ እሁድ ሁሉንም ሴዋርድ ፓርክ፣ ሐይቁ ዳር ወሰድኳቸው። እማዬ እንኳ «ልምምድ ነው፣ ልጆቹን የሚይዝልን ሰው ያስፈልጋል» ተብላ በግድ መጣች። አባዬ፣ ምን ልበልህ! በጀማል እቅድ መሠረት መጀመሪያ የሐይቁን ዙሪያ በእግር መሄድ ነበረብን። ሪም ገና ከመኪናው ሳንርቅ መሬት ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች። ነቢል ዳይፐሩን አውልቆ ወርውሮ ዳክዬ ማባረር ጀመረ። ጀማል እሱን ሲያባርር ሪም አሸዋ በላች። እኔ አፏን ሳጥብ ምሳችንን ወፍ ጎበኘው። ሁለቱም አለቀሱ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

እማዬ ይሄን ሁሉ ዛፍ ጥላ ሥር ሆና ስታይ ቆየች። ከዚያ ተነስታ የሰላጣ ማቅረቢያውን ጎድጓዳ ሳህን ከሐይቁ ሞልታ አመጣችና አንድ ኩባያና አንድ ማንኪያ ጨምራ መሃላቸው አስቀመጠችው። ዝም አሉ። ውሃውን ከኩባያ ወደ ሳህን፣ ከሳህን ወደ ኩባያ ሲገለብጡ፣ እርስ በርስ ሲያጠጡ፣ እኛ የተረፈውን ምሳ በልተን ጨረስን፤ ጀማል ጋደም ብሎ አንኮራፋ። ስንመለስ መኪና ውስጥ እማዬ ፈረደች፦ «በቀን አንድ ነገር። ጠዋት ባሕር፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ሌላው የመጣው ይምጣ።»

ጀማል በመስተዋቱ እያያት «እሺ እማማ፣ ፏፏቴውስ?» አላት።

«ፏፏቴው የትም አይሄድም። ሲያድጉ ያዩታል።»

ከዚያ ወዲህ እቅዳችን እንደሷ ሆነ። ከባሕሩ በእግር የሚደረስ፣ ማብሰያ ያለው ትንሽ ቤት ተከራየን። ጥላ የሚሆን ድንኳን፣ እጀ ረጅም የዋና ልብስ፣ ለአውሮፕላኑ ደግሞ ልጆቹ የማያውቋቸው ጥቃቅን መጫወቻዎች ገዛን። በሶ ተዘጋጀ፣ ሽሮም ታሸገ። ሁሉም ነገር አማረ፤ ግን አንድ ቀን ለእማዬ ትኬት ልቆርጥ ስሟን እንደ ፓስፖርቷ ስጽፍ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«የኔን ተዪው» አለችኝ። «እናንተ ሂዱ። ባሕር የአባትሽ ነው። ያለሱ እዚያ ሄጄ ምን ላደርግ?»

የልጅነቴን አሰብ አስታወሰችኝ። ያኔ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር፤ ቢሆንም አልጠፋብኝም። አንተ ወደብ ላይ ክሬን ስትነዳ ሰንብተህ፣ አርብ አርብ ከሰላት በኋላ ይዘኸን ትወርድ ነበር። በጀርባህ ትንሳፈፍና እኔን ሆድህ ላይ ታስቀምጠኛለህ፤ አየር ስትስብ ከፍ እላለሁ፣ ስታስወጣ ዝቅ እላለሁ። እማዬ ዳር ቆማ ነጠላ ጫማህን በእጇ ይዛ «አንተ ሰው፣ ልጄን መልስ!» ትላለች። «አንቺ ነይ ግቢ፣ ውሃው እንደ ሻይ ሞቋል!» ትላታለህ። «እኔ ከመሬት ጋር አልተጣላሁም!» ትልሃለች። በየሳምንቱ ይሄው ነው። ሲያትል ከመጣህ በኋላ ደግሞ አልካይ የባሕር ዳርቻ ወስጄህ እግርህን ነክረህ እየዘለልክ የወጣኸው ትዝ ይልሃል? «ይሄ ፍሪጅ ነው እንጂ ባሕር አይደለም!» ስትል አጠገባችን የነበሩት ፈረንጆች ሳይገባቸው ከኛ ጋር ሳቁ።

እማዬን ብቻዋን ትተን መሄድ አንጀቴ እምቢ አለ። ባዶ ቤት፣ የናንተ ክፍል፣ ያንተ ፎቶ፤ አስበው። ለጀማል «በቃ ካንስል እናድርገው» አልኩት። እሱ ግን «ትንሽ እንጠብቅ፤ አንዳንዴ ሰው ዘግይቶም ይመጣል፣ በር ቶሎ አይዘጋበትም» አለኝ። የአውቶቡስ ሹፌር ምክር።

በዚያው ሰሞን እማዬ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት «እትዬ ፋጡማ ጋ ደርሼ ልምጣ» ማለት ጀመረች። እትዬ ፋጡማን ታውቃቸዋለህ፣ ቡና ሲጠጡ ስኳር የሚደራርቡትን የደሴዋን ጎረቤታችንን። መጀመሪያ ከቤት መውጣቷ ብቻ ደስ አለኝ። ኋላ ግን ከሻሿ ሥር ፀጉሯ ረጥቦ፣ ዓይኗ ቀልቶ መምጣቷን አስተዋልኩ። «አልቅሰሽ ነው?» ስላት «ኧረ ሳሙና ነው» ትላለች። አንድ ደስ የማይል የመድኃኒት ሽታም አላት። ጭንቅ ያዘኝ፤ በሽታ ደብቃን ሐኪም ቤት የምትመላለስ መሰለኝ። አንተም መጀመሪያ ደብቀኸን ነበርና።

አንድ ቅዳሜ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ፋጡማ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ መነጽሯን ረስታ ግድግዳና ሰው መለየት አቅቷታል። ዋና ቤት ድረስ አምጪላት።»

«የምን ዋና ቤት፣ እትዬ?»

«ውይ አፌን! ለካ አልነገረችሽም?»

መነጽሩን ይዤ ነዳሁ። መኪናዬን እንዴት ፓርክ እንዳደረግኩ አላውቅም። በሩን ስከፍት ያ የመድኃኒት ሽታ ተቀበለኝ፤ ለካ የገንዳው ውሃ ነው። የሰፈሩ ገንዳ በዚያ ሰዓት ለሴቶች ብቻ ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ተጋርዷል፣ የምታስተምረውም ልጅ እግር ሴት ናት። ውስጡ የሶማሌ፣ የኦሮሞ፣ የቬትናም እናቶች ሞልተውታል፤ አንዷ ስትጮህ ሌላዋ ትስቃለች። እትዬ ፋጡማ ጥጉን ይዘው እንደ ዳኛ ተቀምጠዋል። መሃል ላይ እናቴ፣ ከራስ እስከ እግሯ የሚሸፍን ጥቁር የዋና ልብስ ለብሳ፣ በጀርባዋ ውሃው ላይ ተዘርግታለች። አስተማሪዋ መዳፏን ከወገቧ ሥር አድርጋላታለች። የእማዬ ዓይኖች ተጨፍነዋል፤ ከንፈሮቿ ይንቀሳቀሳሉ፣ ቁርአን እየቀራች ነው። አስተማሪዋ ቀስ ብላ እጇን አወጣች። እማዬ አልሰመጠችም።

አባዬ፣ አልሰመጠችም! እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ በሌለህበት በደስታ አለቀስኩ። እማዬ ዓይኗን ገልጣ የቆመውን ሰው ለማወቅ ጨፈን ጨፈን አደረገችና «ዘሐራ? ጫማሽን አውልቂ እንጂ፤ እዚህ በጫማ አይገባም!» አለችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሳልጠይቃት ጀመረች። «ልጁ የአባትሽን ደም ነው የወረሰው። ውሃ ሲያይ ይሮጣል። አንቺ ሪምን ትይዣለሽ፣ ጀማል ፎቶ ያነሳል። እሱን ማን ይከተለዋል?» ቀይ መብራት ጋ ስንቆም ደግሞ መንገድ መንገዱን እያየች ቀጠለች፦ «አባትሽ ዕድሜ ልኩን ነይ ግቢ ሲለኝ ኖረ። ምን ሊያሳየኝ እንደፈለገ ሳላውቅ ልሙት?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ጡሩምባ እስኪነፋብን አልነዳሁም።

ትኬቷ ተቆርጧል። ትናንት ቱክዊላ ያለው የገበያ ማዕከል ሄደን ለልጆቹ ኮፍያ ስንመርጥ እሷ ለራሷ ጫፉ እንደ ጃንጥላ የሰፋ አንድ ባርኔጣ አንስታ መስተዋት ፊት ቆመች። ግራ ዞረች፣ ቀኝ ዞረች። «አልበዛም?» አለችኝ። በዝቷል፤ ግን አልነገርኳትም። አሁን ሻንጣዎቹ ሳሎን ተከፍተው ተቀምጠዋል፤ እኔ የከተትኩትን ሪም እያወጣች ራሷ ትገባበታለች። ጀማል አውሮፕላን ማረፊያ ማን ማንን እንደሚይዝ ሲያስጠናን ነው ያመሸው። ይሄን እንኳ ፍቀዱልኝ ስላለ ፈቀድንለት።

እዚያ ስንደርስ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ነቢል ውሃውን ላይወደው ይችላል፤ ልጅ ነው፣ አይታወቅም። ዝናብም ሊዘንብ ይችላል። ቢሆንም ቃል እገባልሃለሁ፤ የልጅ ልጆችህ ስምህን ከፎቶ ጋር ብቻ አያውቁትም። ምን እንደሚያስቅህ፣ ስትናደድ ምን እንደምትል፣ ሰው ሲታመም ሳይነገርህ እንዴት እንደምትደርስ ሁሉን እነግራቸዋለሁ። በእንግሊዝኛ ቢመልሱልኝም በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። እኔ እያለሁ አትረሳም።

እማዬ አሁን አጠገቤ መጥታ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ላንተ ነው ስላት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ትንሽ አሰበችና እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለችኝ፦ «በየሰላቴ ዱዓ አደርግለታለሁ። ናፍቆኛል። ግን ቶሎ ትመጣለች ብሎ በሩን እያየ እንዳይጠብቀኝ፤ ሥራ ይዣለሁ። ዋናውን በጀርባዬ ብቻ ነው የቻልኩት፣ በደረቴ ገና ነኝ።»

የምትወድህ ልጅህ፣
ዘሐራ