ዳጣውን የሚቀምሰው አባባ

ይድረስ ለወንድሜ ፍሬአብ፤ እንደምን ከረምክ? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ሚዛን ከተማ ዝናቡ አላባራም።

ዛሬ ዳጣ ስፈጭ ትዝ አልከኝ። ልጆች ሆነን ቃሪያውን ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ድንጋይ ላይ ስንፈጭ፣ አባባ በጣቱ ቀምሶ ግንባሩን ካላላበው «ገና ነው፣ ጨምሩ!» ይለን አልነበር? እንባችን እየወረደ እንጨምር ነበር።

ዘንድሮ ግን «አቃጠለኝ» ይላል። የቃሪያውን ፍሬ አውጥቼ ሠራሁለት፤ እሱንም ገፋው። ትናንት ጭራሽ ቃሪያ የሌለበት ሳቀርብለት በጣቱ ነካ አድርጎ «አሁን ገና ዳጣ ሆነ!» አለኝ። አብሬው ሳቅሁ። ቀበቶውም ሰፍቶት ሌላ ቀዳዳ በሳሁለት።

የጓሯችን ቃሪያ ሲቀላ እመጣለሁ ብለህ ነበር። ዳጣ የሚጥመው በአረንጓዴው ነውና ሳይቀላ ና።

አባባ ሰላም ብሎሃል።

ናፋቂህ እህትህ ጽጌሬዳ