እስከ አምስተኛ ፎቅ

ለእትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ዓይንሽስ ተሻለሽ? መነጽሩን ቀይሪ ብዬሽ ነበር፤ እንደማትቀይሪው ደግሞ አውቃለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እንደ ድሮው ለወጉ ያህል አይደለም የምልሽ፣ ዘንድሮ የእውነቴን ነው።

እትዬ፣ የዋሸሁሽ ነገር አለ። ባለቤትሽ ጋሼ ያረፉ ለት ለሥራ ከከተማ ወጥቼ ነበር ብዬሻለሁ። አልወጣሁም። መጥቼ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝና ደረቴን ይዤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የአንቺ ለቅሶ ከላይ ይሰማኛል። አንዲት ሴትዮ ሐዘኑ የጣለኝ መስሏት «አይዞህ፣ ቻለው» ብላኝ አልፋ ወጣች። እሷ በሰባ ዓመቷ ስትወጣ እኔ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ተነሥቼ ወረድኩ። ማፈሬን ለማንም አልተናገርኩም።

ሃያ ስድስት ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖርኩ። የጎደለች ነጥብ አታመልጠኝም፤ ሰውነቴ ከእጄ ሲያመልጥ ግን አላየሁም። ሐኪሟ ልቤን መርምራ ስታበቃ፣ የያዘኝ መቀመጥ እንደሆነ ነገረችኝ።

እዚያው ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ባቡሩን አገኘሁት። ባቡሩ የምንለው የማተሚያ ማሽን ሠራተኛችን የነበረ ጡረተኛ ነው። ስድሳ ስድስት ሞልቶት እስካሁን ሜዳ ይዞራል። ልጁ ይዛው የመጣችው የሠፈሩ መንገድ እየጠፋው ስላስቸገራት ነው። ለሱ ደግሞ ሐኪሟ «ጭንቅላትህን ሥራ አታስፈታው» ብላዋለች። እየሣቀ «አንተ ጭንቅላት ብቻ፣ እኔ እግር ብቻ። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሙሉ ሰው አንወጣም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት አብረን እንሄዳለን። እሱ ያስኬደኛል፣ እኔ አስነብበዋለሁ። ከሰጠሁት ልብ ወለድ ማታ ቤቱ አንድ ምዕራፍ ያነብና ጠዋት እየሄድን ይተርክልኛል። የመጀመሪያው ቀን «ሰውየው ሄደ፣ ከዚያ ተመለሰ» ብሎ ጨረሰው። ለምን እንደሄደ ብጠይቀው «እኔ ምን አውቄ! አልነገረኝም» አለኝ። እኔም በዚያው ቀን ሦስት የመብራት ምሰሶ አልፌ አራተኛውን አቅፌ ቀረሁ።

አሁን ሜዳውን አራት ጊዜ እዞራለሁ። እሱ ደግሞ ከደራሲው ጋር መጣላት ጀምሯል፤ «ይቺን ሴት እንዲህ ማድረግ አልነበረበትም» እያለ መንገድ ላይ ሰው ያስቆማል። የኔም ጭንቅላት ቀሎታል፤ ከሰዓት በኋላ መስመሩ ዓይኔ ላይ መደበላለቁን ትቷል። አልዋሽሽም፣ ሁሉ ነገር አልተስተካከለም። ባለፈው ሳምንት መስቀለኛው መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀኝ። ፈራሁ። እጁን ያዝኩት። ጥቂት ቆይቶ ትዝ አለውና ካቆመበት ምዕራፍ ቀጠለ።

እሑድ ደረጃሽን ወጣሁት። አራተኛው ፎቅ ላይ አንዴ ብቻ ቆሜ በርሽ ድረስ መጣሁ። ግን አላንኳኳሁም፤ ከመግባቴ በፊት ይህን ውሸቴን ልነግርሽ ፈለግኩ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትሽ ዳቦሽን ይዛ ስትመጣ አገኘችኝ። ጋሼ ካረፉ ወዲህ ከቤት ስለማትወጪ ዓመት ሙሉ እሷ እንደምታመጣልሽ፣ መጽሐፍም ብታዋስሽ ብታዋስሽ እንደማታዳርስሽ ነገረችኝ። በርሽ ሥር ያለው ጫማሽ አቧራ ለብሶ ነበር። በመሐረቤ ጠረግኩትና ወረድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ምንም አታዘጋጂ፣ አልገባም፤ ጫማሽን አድርጊና ከእኛ ጋር ለመሄድ አብረን እንወርዳለን። ባቡሩ ታች ይጠብቃል፤ ስለዚያች ሴት የሚከራከረው ሰው አጥቷል፣ እኔንማ ጠግቦኛል። እምቢ ብትዪም አልቆጣም። በርሽ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ አሁን ብዙ መቆም እችላለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽና፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ